ለዩዝድ ላፕቶፕ የቱ ይሻላል? ዊንዶውስ 10፣ ዊንዶውስ 11 ወይስ ሊኑክስ? (ሰሜን ሸዋ ያላችሁ እርዱኝ)

መምህርት ዘመንዝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መሐል ሜዳ ላይ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያለኝ ዩዝድ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው። ኮር አይ5፣ 6ኛ ጀነሬሽን፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ሲገዛ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት ነበር። እስካሁንም በሱ ነው ያለሁት።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም እንዳበቃ ሰምታችኋል። ከዚያ ወዲህ የምጠይቀው ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር ይነግረኛል። አንዱ «ምንም አትሆኚም፣ ተይው» ይላል። አንዱ «11ን በግድ ልጫንልሽ» ይላል። ሌላው «ዊንዶውሱን ትተሽ ነጻውን ሲስተም፣ ሊኑክስን ግቢ» ይለኛል። ሊኑክሱም አንድ አይደለም። ኡቡንቱ፣ ሚንት፣ ዴቢያን፣ ፌዶራ... ስማቸውን ብቻ አንብቤ ደከመኝ።

የምሠራበትን ልንገራችሁ። ፈተናና ወርክሺት አዘጋጃለሁ። በአማርኛም በእንግሊዝኛም ነው፣ ቀመርም ይበዛበታል። የተማሪ ውጤት በኤክሴል እይዛለሁ። ቪዲዮ አውርጄ ክፍል ውስጥ አሳያለሁ። ታናሽ ወንድሜ አካውንቲንግ ስለሚማር ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ ፕሮግራም ይለማመድበታል። ኢንተርኔት ከስልኬ ሆትስፖት ነው፣ ፓኬጅ እየገዛሁ። መብራቱን ታውቁታላችሁ።

አዲስ ላፕቶፕ ግዢ አትበሉኝ፣ አሁን አይሆንልኝም። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የጣርማበር ልጅ

እህቴ፣ እየሠራልሽ ከሆነ አትንኪው። ስንቱ ቢሮ ዛሬም በዊንዶውስ 7 እየሠራ ነው።

ኮድ ደ/ብርሃን

የጣርማበር ልጅ፣ በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ ይቆማል ማለት አይደለም፣ እሱ ልክ ነህ። አዲስ የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ግን የሚደፍነው የለም። የመምህርት ፍላሽ ደግሞ ከትምህርት ቤት ፎቶኮፒ ቤት፣ ከፎቶኮፒ ቤት ወደ ቤት ይመላለሳል። ቫይረስ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። ላፕቶፑ ላይ ያለው የተማሪ ውጤት ነው፤ ፈተናም አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ያለበትን ማሽን «ተይው» ማለት ይከብደኛል።

መምህርት፣ በዊንዶውስ በኩል የማውቀውን ልንገርሽ። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም የሚዘልቅ ተጨማሪ የደኅንነት አፕዴት አዘጋጅቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ መመዝገብ ይጠይቃል። እፎይታ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ዊንዶውስ 11 ደግሞ ኢንቴል ከሆነ በመሠረቱ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ነው የሚቀበለው። ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ)፣ ሰኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ሲስተም የሚከለክል)፣ ቢያንስ 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ቦታ ይፈልጋል። ያንቺ 6ኛ ስለሆነ በሩ ተዘግቷል። «በግድ ልጫንልሽ» ያለሽ ሰው ሩፈስ በሚባለው ሶፍትዌር ፍተሻውን ዘሎ ማለቱ ነው። ይቻላል፣ ይጫናልም። ግን ማይክሮሶፍት በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ አፕዴት እንደሚደርስ ዋስትና አይሰጥም። ከድጋፍ ውጪ ላለመሆን ብለሽ ሌላ ከድጋፍ ውጪ የሆነ ነገር መግባት ምን ይጠቅምሻል? በ4 ጊጋ ራም ላይ ደግሞ ያስመርርሻል።

ጥገና ሮቢት

ሸዋ ሮቢት የጥገና ሱቅ አለኝ። መምህርት፣ ከሲስተሙ በፊት ዕቃውን እንይ።

ላፕቶፑ የሚንቀራፈፈው ከዊንዶውሱ ይልቅ በሃርድ ዲስኩ ነው። የሚሽከረከር ዲስክ ላይ የፈለግሽውን ብትጭኚ ይጎተታል። 840 ጂ3 አንድ ጥሩ ነገር አለው። ከሃርድ ዲስኩ ቦታ ሌላ ኤም.2 ለሚባለው ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) የሚሆን ማስገቢያ አለው። ስለዚህ አሮጌውን ሳታወጪ ኤስኤስዲ መጨመር ትችያለሽ። የራም ማስገቢያውም ሁለት ነው። 4 ጊጋው በአንድ ቁራጭ ከሆነ ሌላ 4 ዲዲአር4 ጨምሪበት። በእጅሽ ያለው ብር ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ኤስኤስዲውን አስቀድሚ።

ሁለተኛ፣ የክራክ ነገር፣ ማለትም ሳይከፈልበት በግድ የተከፈተ ሶፍትዌር። ብዙ ሰው ዊንዶውስ ነጻ ነው ብሎ የሚያስበው በአክቲቬተር ስለሚከፈትለት ነው። አክቲቬተሩ ከመነሻው «አንቲቫይረሱን አጥፋ» ይላል። ሰው ያጠፋል። ከዚያ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፕሮግራም ማሽኑ ላይ እንደፈለገ እንዲያዝ ይፈቅድለታል። ፍላሽ ስትሰኪ ፎልደሮችሽን ደብቆ ሾርትከት ብቻ የሚያሳየውን ቫይረስ አይታችሁታል። እሱ ሲመጣ ማሽኑ አስቀድሞ ተከፍቶለታል።

«ዊንዶውስ ላይት»፣ «ታይኒ 11» እየተባለ በፍላሽ የሚዞረውንም ልጨምር። ማይክሮሶፍት ያላወጣው፣ ሌላ ሰው እየቀነሰ ያዘጋጀው ነው። ቀላል ነው፣ እውነት ነው። ግን ከእጅ ወደ እጅ የመጣውን ቅጂ ማን ምን እንደጨመረበት ማወቂያ የለሽም። ኤልቲኤስሲ የሚባል ትክክለኛ የዊንዶውስ 10 እትም አለ፤ የ2021ዱ አይኦቲ ኢንተርፕራይዝ እስከ እ.ኤ.አ. 2032 ድጋፍ አለው። ጥሩ ነው። ችግሩ ለድርጅትና ለዕቃ አምራች እንጂ ለግለሰብ አይሸጥም። ገበያ ላይ የምታገኚው ዞሮ ዞሮ ክራክ ነው።

ፋኑንም አስጠርጊው። መንዝ ብርድ ነው፣ ማሽኑን አያሞቀውም፤ አቧራ ግን እዚያም አለ።

የጣርማበር ልጅ

ስለ ክራኩ ያላችሁት እውነት ነው። ሊኑክስ ግን ለመምህር ይሆናል? የሚያስተካክልላት ሰው ከየት ታመጣለች?

ጋሼ ኅትመት

ልጆቼ፣ ስለ ራምና ፕሮሰሰር ብዙ ተባለ። የመምህርት ሥራ ግን ግማሹ አማርኛ ነው። ከዚያ እንጀምር።

ደብረ ብርሃን ላይ በጽሕፈትና ኅትመት ሥራ ቆይቻለሁ። ሰው ሲስተም ቀይሮ የሚጨነቀው የቆየ ጽሑፉ አልነበብ ሲለው ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። የድሮዎቹ የግዕዝ ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ምልክት ነው። አማርኛ አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይወጣል። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መለያ ሥርዓት ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። ከዚያ በኋላም ብዙ ቢሮ በለመደው መንገድ ሲጽፍ ኖሯል።

ስለዚህ መምህርት፣ ምንም ከመንካትሽ በፊት የድሮ ፈተናዎችሽን ክፈቺ። ጽሑፉን ምረጪና ፎንቱን ወደ ኒያላ ቀይሪው። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፣ የትም ይነበባል። ወደ ምልክት ከተለወጠ የድሮው አጻጻፍ ነው። እሱን ዊንዶውሱ ሳይነካ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለብሽ። የሚለውጡ ፕሮግራሞች አሉ። ጊዜ ካጣሽ ቢያንስ ፒዲኤፍ አድርገሽ አስቀምጪው።

መጻፊያውን በሚመለከት፣ ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው። ሊኑክስ ላይ ኪማን አለልሽ። ነጻ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በስልክም ይሠራል። እጅሽ አንዴ ከለመደው የትም ብትሄጂ አይቸግርሽም። ሊኑክስ ራሱም አይባስ በሚባለው መጻፊያ በኩል «ሴራ» የተሰኘ የአማርኛ አጻጻፍ አለው። ድምፁን በላቲን ትመቺዋለሽ፣ ፊደሉ ይወጣል። ከፎንት አቢሲኒካ ኤስአይኤል እና ኖቶ ኢትዮፒክ በነጻ ይገኛሉ። ኒያላ የማይክሮሶፍት ንብረት ስለሆነ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም።

ይህን ፎንት ነገር አትናቁት። በኒያላ የተጻፈ ፈተና ሊኑክስ ላይ ሲከፈት በሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሉ ስፋት ይለያል፣ መስመሩ ይገፋል። በሁለት ገጽ ያለቀ ፈተና ሦስተኛ ገጽ ላይ ሁለት መስመር ይዞ ይወጣል። ለስንት ተማሪ እንደምታባዢና የወረቀቱን ዋጋ አስቢው። ስለዚህ ወደ ኅትመት የሚሄድ ሁሉ ፒዲኤፍ ይሁን። ፎቶኮፒ ቤቱ ምን ሲስተም እንዳለው ያኔ አያስጨንቅሽም።

መምህርት ዘመንዝ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደነገሩኝ አደረግሁ። የቅርቦቹ ደህና ናቸው። የቆዩት ግን ወደ ምልክት ተለወጡ። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ኮድ፣ ሊኑክስ ከሆነ የትኛው? የሚወርደው ፋይልስ ስንት ጊጋ ነው? ፓኬጄን አስቡልኝ።

ኮድ ደ/ብርሃን

ዝምድናቸውን ካወቅሽ ምርጫው ይቀላል። ዴቢያን አያት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ። ኡቡንቱ በ2004 ከዴቢያን ተወለደ። ሚንት በ2006 ከኡቡንቱ ተወለደ። የሦስቱም ፕሮግራም መጫኛ ፋይል አንድ ዓይነት ነው። አንዱን የለመደ ሌላው አይጠፋበትም። ፌዶራ የሌላ ቤት ልጅ ነው።

ለአንቺ የምለው ሚንት ነው፣ ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው። ሚንት በሦስት መልክ ይመጣል፦ ሲናመን፣ ማቴና ኤክስኤፍሲኢ። ውስጣቸው አንድ ነው። የሚለዩት በዴስክቶፑ ነው፣ ቀላሉ ኤክስኤፍሲኢ ነው። ሚንት ቢያንስ 2 ጊጋ ራም ይጠይቃል፣ 4 ቢሆን ይመከራል። ከታች በግራ ሜኑ አለው፣ ፋይሎች እንደለመድሽው ይከፈታሉ። በወርድና በኤክሴል ፋንታ የሚያገለግለው ሊብሬኦፊስ አብሮት ይመጣል። ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 አፕዴት ይደርሰዋል። የሚወርደው ፋይል ከ3 ጊጋ በታች ነው።

ኡቡንቱ 24.04 የሚወርደው 6 ጊጋ ገደማ ነው። ዴስክቶፑ ግኖም ነው፣ በ4 ጊጋ ራም ይጨናነቃል። ስናፕ የሚባሉት ፕሮግራሞቹ ደግሞ ከጀርባ ራሳቸውን አፕዴት ያደርጋሉ። በሆትስፖት ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሚንት ስናፕን አያስገባም። አፕዴት ሲኖር ያሳውቅሻል፣ ሲመችሽ ታወርጃለሽ። ዙቡንቱና ሉቡንቱ የሚባሉ ቀለል ያሉ የኡቡንቱ ዓይነቶች አሉ፣ ድጋፋቸው ግን 5 ሳይሆን 3 ዓመት ነው።

ፌዶራ ጥሩ ሲስተም ነው፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ግን በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ይወጣል፣ አንዱ እትም የሚደገፈውም ለ13 ወር ገደማ ነው። ፈተና የምታርም መምህርት በየዓመቱ ሲስተም ስትቀይር መኖር የለባትም። አርች የሚባለው ሊኑክስ ደግሞ ሁልጊዜ አዲስ ነገር ያወርዳል። ፓኬጅሽን ይጨርሰዋል። እነዚህ ሁለቱ ለእኔ ዓይነቱ የሚማርበት ሰው ይሁኑ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። የወርድ ቀመር ሊብሬኦፊስ ላይ ሲከፈት አንዳንዴ ይዛባል። ቀመር ያለበትን አዲስ ፈተና ከመነሻው በሊብሬኦፊስ ጻፊው እንጂ ወዲያና ወዲህ አታመላልሺው።

ሰላ ድንጋይ

ኮድ፣ ጥሩ ብለሃል። ግን ለገጠር ከሆነ ዴቢያንን እንዲህ በአጭሩ ማለፍ አልነበረብህም።

ዴቢያን የመጀመሪያውን ዲቪዲ ብቻ ይዘሽ ያለ ምንም ኢንተርኔት ትጭኚዋለሽ። ዴስክቶፑም ሊብሬኦፊሱም እዚያው ውስጥ አለ። በኋላም አንድ ነገር ሲጎድል ከዚያው ፍላሽ ወይም ዲቪዲ ላይ መጫን ይቻላል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አዲሱ ዴቢያን 13 የወጣው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ድጋፍ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት ተጨማሪ አለው። ድሮ ዋይፋዩን የሚያሠራው ፈርምዌር የሚባል ሶፍትዌር አብሮት ስለማይመጣ ሰው ይሸሸው ነበር። ከዴቢያን 12 ወዲህ ጫኚው ይዞት ይመጣል። በመካከሉም የሚበዛ ለውጥ የለበትም። ዛሬ የሠራው ከሁለት ዓመት በኋላም እንደዚያው ይሠራል።

ኮድ ደ/ብርሃን

ያለ ኢንተርኔት መጫኑ ላይ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሚንትም ግን ሊብሬኦፊሱን ይዞ ከፍላሽ ያለ ኢንተርኔት ይጫናል። ልዩነቱ ከተጫነ በኋላ ነው። ሚንት ላይ ድራይቨር (የማሽኑን ዕቃዎች የሚያሠራ ሶፍትዌር) ፈላጊ አለ። ማውስ በመጫን ብቻ ይጨርሳል። ታይምሺፍት የሚባልም አለ፣ ሲስተሙ ሲበላሽ ወደ ቀደመው ቀን ይመልስላታል። መብራት በአፕዴት መሐል ቢጠፋና ባትሪው ቢከዳት ይህ ያስፈልጋታል። ዴቢያን ላይም መጫን ትችላለች፣ ግን ማድረግ ያለባት ራሷ ናት።

ሰላ ድንጋይ

ታይምሺፍቱ ላይ ረታኸኝ። ለመምህርት ሚንት ይሁን። ለትምህርት ቤት ክፍል ግን፣ ብዙ ማሽን ላይ አንድ ጊዜ ተጭኖ ለሚቀመጥ፣ ዴቢያን ነው የምለው። ከዚህ አልወርድም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ

ወንድሟን ረሳችሁት። ፒችትሪ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው ዋይን በኩል ይሠራል የሚላችሁን አትስሙ። ፒችትሪ ከበስተጀርባ የራሱ ዳታቤዝ ሰርቨር አለው፤ ሒሳብ መሐል ላይ ቢቋረጥ መዝገቡ ይበላሻል። ለሚለማመድ ልጅ ይህ ተስፋ ያስቆርጣል። መሥሪያ ቤት ሲገባም የሚጠብቀው ዊንዶውስ ላይ ያለ ፒችትሪ ነው። ለሱ ዊንዶውስ ይቅርለት። ለልምምድ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ሲገባ ሆትስፖቱን ማጥፋት ነው። ፍላሽም እዚያ ባይሰካ ይመረጣል።

ጥገና ሮቢት

እህታችን ልክ ነች። የመምህርት ማሽን ላይ ደግሞ ይህ በጣም ቀላል ነው። ሁለት ዲስክ ይኖረዋል ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ እንዳለ ይቀመጥ። ሚንት አዲሱ ኤስኤስዲ ላይ ይጫን። ዲስክ መከፋፈል የለም፣ ፋይል የመጥፋት ሥጋት ይቀንሳል። ሲጫን ትክክለኛው ዲስክ መመረጡን ግን ደግመሽ አረጋግጪ፤ ሃርድ ዲስኩን ለጊዜው ነቅሎ መጫን ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ከመጫንሽ በፊት ከፍላሽ አስነስተሽ ሞክሪው። ዲስክሽን ሳይነካ ይነሳል። ዋይፋይ፣ ድምፅ፣ ፕሮጀክተር፣ ፕሪንተር፣ ሁሉንም እዚያው ላይ አረጋግጪ። ዋይፋዩ ኢንቴል ከሆነ ችግር የለውም። ብሮድኮም ከሆነ ድራይቨር ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ያኔ ስልክሽን በኬብል አገናኝተሽ ኢንተርኔቱን በዩኤስቢ ታሻግሪያለሽ።

ዊንዶውስ ላይ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን አጥፊ። እሱ ካለ ዊንዶውስ በደንብ አይዘጋም፣ ከሚንት በኩል ፋይሎችሽን ማየት እንጂ መጻፍ ይከለክልሻል።

ሚንቱ ያለበት ፍላሽ እኔ ጋ አለ። ወደ ሮቢት የምትወርጂ ከሆነ ዳታ አትጨርሺ፣ ገልብጬ እሰጥሻለሁ።

ሰላ ድንጋይ

ሮቢት ድረስ ለምን ትወርዳለች? ሚንቱን አውርጄ በፍላሽ አድርጌ ወደ መሐል ሜዳ በሚመጣ ሰው እልክላታለሁ። የዴቢያኑን ዲቪዲም አብሬ እልካለሁ፣ ለትምህርት ቤቱ።

መምህርት ዘመንዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወስኛለሁ። ኤስኤስዲውን በዚህ ወር እገዛለሁ፣ ራሙ ለሚቀጥለው ይቆይ። የቆዩትን ፈተናዎች መለወጥ ጀምሬያለሁ። ወንድሜ ዊንዶውሱ እንደሚቀርለት ሲሰማ ደስ ብሎታል። ሰላ ድንጋይ፣ ፍላሹን እጠብቃለሁ። በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ። ዴቢያኑን ለአይሲቲ መምህራችን አሳየዋለሁ።

አንድ ጥያቄ ብቻ። ሁለቱንም ሲስተም የሚጠቀም ባልደረባዬ ሰዓቱ በሦስት ሰዓት እየተዛባ ያስቸግረኛል ይላል። እኔንም ይገጥመኛል?

ኮድ ደ/ብርሃን

ሊገጥምሽ ይችላል፣ ብልሽት ግን አይደለም። ሊኑክስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይይዛል። ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አገር ሰዓት ያነበዋል። የእኛ አገር ከዓለም አቀፉ በሦስት ሰዓት ስለሚቀድም ዊንዶውስ ላይ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ዊንዶውስ ሲያስተካክለው ደግሞ ሚንት ላይ ሦስት ሰዓት ወደፊት ይሄዳል። ሚንትን የማሽኑን ሰዓት በአገር ሰዓት እንዲይዝ ማዘዝ ነው። አንድ መስመር ትዕዛዝ ናት። ሚንቱን ስትጭኚ እዚህ ጻፊልኝ፣ እልክልሻለሁ።